ፍላሹ ሲዘፍን እኛ ስናጨበጭብ

መብራቱ የጠፋው ዘፋኙ ሁለተኛውን ዘፈን እንደ ጀመረ ነው። ይሄ ብርቅ አይደለም። መብራት ይጠፋል፣ ጀነሬተር ይነሣል፣ ሕይወት ይቀጥላል። እኛም ስልካችንን አብርተን መጠበቅ ጀመርን። ዘፋኙ ወደ መድረኩ ጥግ ሄደ፣ አንድ ልጅ የውኃ ጠርሙስ አቀበለው፣ ከፍቶ አፉ ላይ ደቀነው። ጀነሬተሩ የተነሣው ልክ ያኔ ነው። ዲጄው ደንግጦ ነው መሰለኝ ቶሎ ብሎ ነካው፤ ዘፈኑም ከመጀመሪያው ተነሣ። ዘፋኙ ውኃ እየጠጣ ዘፈነ! ጉሮሮው ውኃውን ሲያወርድ ይታየኛል፤ ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ከስፒከሩ ይወጣል፤ አንድ ቦታ እንኳ አልተሰበረም።

ሰው የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ጥቂቶች ሳቁ። የቀረነው ጨፈርን። «ጨፈርን» የምለው እኔም ስለጨፈርኩ ነው፤ የሳምንት ምሳዬን ከፍዬ ገብቼ ቆሜ ማየት አልሆነልኝም። ዘፋኙ ጠርሙሱን አስቀምጦ፣ ማይኩን አንሥቶ፣ በከንፈሩ ዘፈኑን ሲያባርር ቆየና ሦስተኛው ስንኝ ላይ ደረሰበት። ከዚያ በኋላ ስላለው ምሽት የሚነገር ነገር የለም። ሁሉም ነገር ቤታችን ሆነን እንደምንሰማው ነበር፤ ልክ እንደዚያው።

ስንወጣ ጓደኛዬን «ከፍላሽ የወጣ ዘፈን ነው እኮ የሰማነው» አልኩት።

«ቢሆንስ?» አለኝ። «ቢያንስ የራሳችን ነው። አንተ ከምትወደው የሮክ ጩኸት ይሻላል። እሱ ምኑ ነው የኛ?»

ያን ማታ መልስ አጣሁ። ዘፋኙ የጎጃም ቁምጣ ለብሷል፣ ዱላ ትከሻው ላይ ጥሏል፣ ዘፈኑ ውስጥ አባይ አለ፣ ጤፍ አለ፣ እስክስታው ያገራችን ነው። በሌላ በኩል ያለው ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ማን ይከራከራል? እኔ ግን ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ መልሱ መጣ፤ ከዚያ ወዲህም አልተወኝም። ይኸው።

እኔ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነኝ። ደብረ ኤልያስን የማያውቅ ሰው ሐዲስ ዓለማየሁን ያውቃል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሰው በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያ ነው። አገሩ የቅኔ አገር ነው። እኔ ራሴ ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃኝ ነበር። አጎቴ ግን ገብቷል፤ ተማሪዎቹም ደጃችን እየመጡ ቁራሽ ይለምኑ ስለነበር ነገሩን ከሩቅ እያየሁ አድጌያለሁ።

ላልሰማ ልንገረው። የቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን ወጥቶ፣ ጥላ ፈልጎ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ይጀምርና እያደገ ሲሄድ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ያሰማል። ቤቱ ከጎደለ፣ ዜማው ከተንጋደደ፣ ሰሙና ወርቁ ካልተገናኙ እዚያው፣ ጓደኞቹ እየሰሙት ይታረማል። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይባልም። የሌላውን አምጥቶ የራሱ ያስመሰለ ሌባ ነው፤ የራሱን ደግሞ የደገመም አያኮራም። በበዓል ቀን ባለ ቅኔው ሲነሣ ሰው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል፤ ምክንያቱም ምን እንደሚል ማንም አያውቅም። ሊሳካለት ይችላል። ሊሰናከልም ይችላል።

(ማኅሌት ኮንሰርት ነው አላልኩም። መሪጌታ ካነበበው ከወዲሁ ይቅርታ። እያወራሁ ያለሁት ስለ ጆሮ ነው፤ የእኛ ሰው ጆሮ በምን እንደ ሠለጠነ።)

ጆሮአችን የሠለጠነበት ሌላው ቦታ ሰርግ ቤት ነው። ዳስ ውስጥ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ይገባል። ያለው አንድ ጅማት ነው፤ የፈረስ ጭራ። አንዱ እንግዳ ከጠላው ቀና ይልና «ተቀበል!» ይላል። ስንኙን ይወረውራል። አዝማሪው በዜማ ይቀበለዋል፤ ያልጠበቀው ስንኝ ቢሆንም፣ ቤት የማይመታ ቢሆንም፣ የሙሽራውን አባት የሚነካ ቢሆንም አቃንቶ፣ አለስልሶ መመለስ አለበት። ካቃተው የሚደበቅበት የለም። ልጅ ሆኜ አንድ አዝማሪ መቀበል አቅቶት ዳሱ በሙሉ ሲስቅበት አይቻለሁ። እሱም ሳቀና በራሱ ላይ ግጥም ገጠመ። እስከ ዛሬ ያየሁት ትልቁ መድረክ ያ ነው፤ ስፋቱ ሦስት በሬ የሚያስቆም አይመስለኝም።

እንግዲህ ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ። «የኛ» የሚባለው ቁምጣው ነው ወይስ ይሄ? እኔ ይሄ ነው ባይ ነኝ። ሰው ፊት ቆሞ፣ የመሳሳት ዕድሉን ይዞ፣ ዛሬ ብቻ የሚሆን ነገር ማድረግ። በዚህ ሚዛን ከመዘንነው ያ የባህል ልብስ ለብሶ ፍላሹን ያስዘፈነው ሰውዬ ነው ባዕድ የሆነብኝ።

ጃኖ ባንድን መጀመሪያ የሰማሁት ደብረ ማርቆስ፣ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ነው። «ኤርታሌ» እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አልበም ነው፤ ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው የቤዝ ሰው ቢል ላስዌል። እኛ ጋ የደረሰው በብሉቱዝ ነው፤ ከስልክ ወደ ስልክ፣ ግማሹ ዘፈን ስሙ ጠፍቶ «ትራክ 04» ተብሎ። አንዱ የክፍላችን ልጅ ሲሰማው «ይሄ ሰይጣን ነው» ብሎ ወጣ። እኔ ደግሞ ደጋግሜ ሰማሁት፤ መውደዴን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። እውነቱን ለመናገር በስልክ ስፒከር ሮክ መስማት ማለት በር ቀዳዳ ሰርግ ማየት ማለት ነው።

በአካል ያየኋቸው ዓመታት ቆይቶ አዲስ አበባ ነው። ፊት ለፊት አራት ድምፃውያን፦ ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሃሌሉያ ተክለጻዲቅ፣ ሔዋን ገብረወልድ። ከኋላቸው ጊታር፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ድራም። ድራሙ መጀመሪያ የመታኝ ጆሮዬን አይደለም፣ ደረቴን ነው። ቀጥሎ ሊድ ጊታሩ ብቻውን ወጣና መጮኽ ጀመረ። ያን ጊዜ አንድ ነገር አወቅሁ፤ ይሄን ጩኸት አውቀዋለሁ። ሽለላ ነው። ሰው ዱላውን ይዞ ከመሃል ዘሎ ሲወጣ፣ ድምፁን ከሆዱ አውጥቶ ሲሰነጥቀው የሚሰማው ያ ስንጥቅ። ስልኬ ውስጥ አራት ደቂቃ የነበረው ዘፈን እዚያ መቼ እንዳለቀ አላውቅም። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል። ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ ድራም መቺው አንገቱን ከነቀነቀ ሁሉም ይዞራሉ። ግጥሙ ውስጥ ያልገባኝ ብዙ ነው፤ ጆሮዬም እስከ ማግስቱ ሲጮኽ ነበር። ግን ውኃ እየጠጣ የዘፈነ ሰው አላየሁም።

ለአጎቴ በኋላ ከስልኬ አሰማሁት። አንቱ የምለው ሰው ነው፤ ቅኔ ቤት የቆየ፣ ዘፈን የማይወድ። ፊቱን አጨማዶ ሰማና «ይሄን ነገር ነገም እንዲሁ ነው የሚሉት?» አለኝ።

«ኧረ አይደለም አያ። በየቀኑ ይለያያል» አልኩት።

«እንግዲያ አገላለጻቸው ነው እንጂ ሥራቸው ሥራ ነው» ብሎ ስልኬን መለሰልኝ። ወደደው ማለት አይደለም። ሚዛኑ ላይ ግን አስቀመጠው፤ እኛ ያላደረግነውን።

ጌታቸው መኩሪያ ይሄን ነገር ከእኔ በፊት፣ ያለ ቃል ነግረውናል። ሽለላና ፉከራን ከሰው ጉሮሮ አውጥተው ሳክስፎን ውስጥ የከተቱ ሰው ናቸው። ዘ ኤክስ የሚባል የሆላንድ ፓንክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ኢትዮጵያ መጥቶ ተጫውቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004ም ተመልሷል። ጌታቸው ከነዚህ ጊታር ከሚያስጮኹ ፈረንጆች ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲያወጡ ዕድሜያቸው ሰባን ተሻግሯል። ከዚያም በአውሮፓ መድረኮች ለዓመታት አብረው ዞሩ። የፉከራ ሰው ከፓንክ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ ቅጂውን ይስማ፤ ጊታሩ ሳክስፎኑን ሲያጅብ ሳይሆን ሲቀበል ነው የምትሰሙት። ሽማግሌው «የኛ አይደለም» ብለው አልሸሹም። ማን ከማን እንደሚማር እንኳ መድረኩ ላይ መለየት ያስቸግራል።

ከተማ ቢሆን እንዲሁ ነበር። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የምሽት ክበብ የገባ ሰው ሰዓቱ ካለፈ መውጣት ስለማይችል በሩ ይዘጋና ባንዱ እስኪነጋ ይጫወት ነበር። ዋልያስ ባንድ በሂልተን ሆቴል የኖረው ኑሮ ይሄ ነው። እስቲ አስቡት፤ እስኪነጋ! ፍላሽ ላይ ስንት ዘፈን ብትጭኑ ነው ያን ሌሊት የምትሞሉት? የባንዱ ኪቦርዲስት ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ኪቦርዱን አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። ከዓመታት በኋላ የድሮ ሥራዎቹን ፈረንጆች አገኟቸው፣ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የሚለውን አልበም አወጣ። ይሄን ታሪክ ሁላችንም ሼር አድርገን «ዋው» ብለናል። ዛሬ ግን ስንት ኪቦርዲስት እዚሁ አገሩ ላይ ሆኖ፣ ታክሲም ሳይኖረው፣ ፍላሽ ቦታውን ስለወሰደበት ቤቱ ተቀምጧል? ከጊታሪስቶች ጋር ቁጭ ብዬ ቡና ስለምጠጣ አውቃለሁ፤ ሰርግ ሲጠሩ «ብቻህን ና፣ ቢቱ ተጭኖልሃል» ይባላሉ። ጊታሩ ገመዱ ላይሰካ ሁሉ ይችላል።

የአዘጋጆቹን መልስ አውቀዋለሁ፤ ባንድ ውድ ነው። እውነት ነው። ስምንት ሰው ማጓጓዝ፣ ማሳደር፣ ማስለመድ፣ ግማሽ ቀን ሳውንድ ቼክ፤ ይሄ ሁሉ ገንዘብ ነው። ግን እኔ የገዛኋቸው ትኬቶች ባንድ ስለሌለ አልረከሱም። ባንድ የሌለበትን ዝግጅት ባንድ እንዳለው አድርጎ መሸጥ ጤፍ ብሎ ሰጋቱራ እንደ መሸጥ ነው። የዲጄ ምሽት ከሆነ የዲጄ ምሽት በሉት፤ ልንመጣና ልንጨፍር እንችላለን፤ እኔም እመጣለሁ። ፖስተሩ ላይ ግን «ላይቭ» የምትለዋን ቃል አንሡልኝ።

«ዘፋኙ ቢታመምስ?» የሚሉም አሉ። ታምሜአለሁ ይበላ! ጉሮሮዬ ተዘግቷል፣ ዛሬ ዝቅ አድርጌ ነው የምዘፍነው፣ አግዙኝ ይበል። የኛ ሰው እንዲህ ላለው እንዴት እንደሚዘፍንለት አታውቁትም።

ፈረንጆቹም ይሄን ያውቁታል። ሚሊ ቫኒሊ የሚባሉ ሁለት ልጆች እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ መድረክ ላይ እያሉ ቅጂው ተጣብቆ አንዲቷን ሐረግ ይደጋግም ጀመር። በማግስቱ ዓመት አልበሙ ላይ ያለው ድምፅ እንኳ የነሱ እንዳልሆነ ሲታወቅ የተሸለሙት የግራሚ ሽልማት ተቀማ። እኛ ጋ ግን እንዲህ ያለው ነገር የሁለት ቀን የቲክቶክ ሳቅ ሆኖ ያልፋል፤ ዘፋኙም በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ከተማ አለው።

አሁን የሚያመው ክፍል። ጥፋቱ የኛ የተመልካቾቹም ነው። ከኮንሰርት ስንወጣ የምንሰጠው ትልቁ ምስጋና ምንድን ነው? «ልክ እንደ አልበሙ ነው የዘፈነው!» እስቲ ይሄን ቃል ደብረ ኤልያስ ውሰዱትና ለአንድ ባለ ቅኔ በሉት። «ልክ እንደ ትናንቱ ነው የተቀኙት» በሉት። ስድብ ነው! እኛ ይሄን ስድብ ማሞገሻ አድርገን ዘፋኙን እናሳድድበታለን። አንድ ድምፃዊ ዜማውን ትንሽ ካጠፈው፣ ቴምፖውን ካዘገየው «አበላሸው» ብለን ቪዲዮ እንለቃለን። እሱስ ምን ያድርግ? ፍላሹን ይሰካል። ፍላሽ አይሳሳትም።

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። ጥር 2010 ዓ.ም. ባሕር ዳር ስታዲየም ቴዲ አፍሮ ሲዘፍን ነበርኩ። ከኋላው አቡጊዳ ባንድ አለ፣ ከፊቱ ማለቂያ የሌለው ሰው። እኔ ግን ያን ቀን ስልኬን ከፍ አድርጌ ስቀርጽ ነው የዋልኩት። ቪዲዮውን እስከ ዛሬ ሁለት ጊዜ አይቼው እንደሆነ ነው፤ የሚሰማው የራሴ ጩኸት ነው። ትዝ የሚለኝ ነገር ቢኖር ቻርጅ ሲያልቅብኝ ስልኬን ኪሴ ከትቼ የሰማሁት የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ነው።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ትንሹን ነው። ደብረ ማርቆስ፣ የተማሪ ዝግጅት፣ ስማቸውን የማልጠራቸው አራት ልጆች። ድራማቸው የተዋሱት ነው፤ ሲምባሉ ተሰንጥቋል። ሮክ እንጫወታለን ብለው ወጡ። አዳራሹ ግማሽ ባዶ ነው፣ ከኋላ የሚያፏጭ አለ። በሁለተኛው ዘፈን መሃል የሊድ ጊታሩ ክር ተበጠሰ፤ ጧ! ሲል ሁላችንም ሰማነው። ልጁ ፈዞ ቆመ። ድራም መቺው ግን አላቆመም። ዜማውን ትቶ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ፈጠን እያደረገ፣ እንደ ከበሮ ይደቃ ጀመር። አንዷ ልጅ ከፊት ወንበር ተነሥታ ማጨብጨብ ያዘች። ቤዙ ገባ። ዘፋኙ ግጥሙን ረስቶት ነው መሰለኝ ዝም ብሎ «ተቀበሉ!» አለ። አንድ ልጅ ከኋላ ስንኝ ወረወረለት፤ ያው ሲያፏጭ የነበረው ነው። ዘፋኙ ስንኟን ተቀበላት፣ አዳራሹ ተቀበለው። ሌላው ወረወረ። በሮክ ድራም፣ በአምስት ክር ጊታር፣ የሰርግ ቤት ግጥም። ስለ ካፌው ሽሮ ሁሉ ተገጠመ። ከዚያ ምሽት ቪዲዮ የለኝም፤ ያለውም ሰው አላገኘሁም።

ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር እዚያ የለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ጦርነት አለ። ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ቤተሰቤን በድምፅ ብቻ የማገኝበት ወራት ነበር፤ ቤት ለመሄድ መንገዱን እየጠየቅሁ ስንት ጊዜ ቀርቻለሁ። እናቴ ሰርጉ ሁሉ ሳይጨልም ይበተናል አለችኝ። አዝማሪው ሳይጨልም ምን ይላል? ለዚህ ነው ነገሩ የሚከነክነኝ። አገሬ ላይ ዳስ ውስጥ መቀመጥ ባልቻልኩበት ጊዜ፣ አዲስ አበባ አንዱ የአገሬን ቁምጣ ለብሶ፣ የአገሬን ስም በፍላሽ እየጠራ ገንዘቤን ሲወስድ «ቢያንስ የራሳችን ነው» ልባል አልፈልግም። የኔ የሆነውን የማውቀው እኔ ነኝ። ጊታር ይዞም ይምጣ ማሲንቆ፣ ፀጉሩን ያሳድገው ይላጨው፣ ፊቴ ቆሞ ይሳሳትልኝ።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ፖስተር አየሁ። «ታላቅ የላይቭ ኮንሰርት» ይላል። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ደወልኩ።

«ሄሎ፣ ስለ ኮንሰርቱ ነበር። የሚያጅበው ባንድ ማነው?»

«ምን አልከኝ?»

«ባንዱ። የማን ባንድ ነው?»

ትንሽ ዝም አለ። ከኋላው አንድ ሰው ሲጠይቅ ይሰማኛል። «ባንድ ምናምን… ዲጄ አለ ወንድሜ። አሪፍ ዲጄ ነው።»

«ፖስተሩ ላይቭ ነው የሚለው።»

«ላይቭ እኮ ነው፤ ዘፋኙ ራሱ ነው የሚመጣው። ቪአይፒ ነው ኖርማል የምትፈልገው?»